ሰዱቃዊቷ

ለሰዱቃውያን የሚከራከር ሰው ጠፋ።

እሁድ ጠዋት ነበር፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥር መጨረሻ ላይ። አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ውስጥ በአንድ ጎማ ቤትና በአንድ የጥፍር ሳሎን መካከል ያለችው ቤተ ክርስቲያን ከዋናው አምልኮ በፊት ለአዋቂዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ትሰጣለች። አስተማሪው ኤልቃና ቀን ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ እየሠራ በኦንላይን ሥነ መለኮት የሚማር፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ወጣት ነው። የዚያን ሰሞን የሚያስተምረው በኢየሱስ ዘመን ስለነበሩት የአይሁድ ወገኖች ነበር። ነጭ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን ጻፈ፤ ፈሪሳውያን፣ ሰዱቃውያን፣ ኤሴናውያን፣ ቀናተኞች።

"ዛሬ እኔ አላስተምርም" አለ። "ግሩፕ ግሩፕ ትሆኑና፣ የራሳችሁ ሃይማኖት እንደሆነ አድርጋችሁ ትከራከራላችሁ። በሚቀጥለው እሁድ ፈሪሳውያንና ሰዱቃውያን፣ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ። ማሾፍ የለም። ሰዎቹ በእውነት ያመኑበት ነገር ነበር።"

ፍሬው ፈጥኖ ተነሣ። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። "እኔ ፈሪሳዊ ነኝ፣ ባለቤቴም ትመሰክራለች" ብሎ ሰዉን አሳቀና ግማሹን ክፍል ይዞ ሄደ። ወጣቶቹ ሰይፍ አላቸው ሲባል ቀናተኞችን መረጡ። ኤሴናውያን ዓለምን ትተው በረሃ የወረዱ ናቸው ሲባል ደግሞ የጸሎት ቡድኑ እናቶች እነሱን ወሰዱ። በሰዱቃውያን ስም ሥር ማንም አልቆመም።

"ትንሣኤ የለም የሚሉት አይደሉም እንዴ?" አለች አንዷ። "እኔ ይህንን በአፌ አላወጣውም።"

ተናኘወርቅ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን የምታጥብና የምታበላ ሴት ናት። ባሏ ብርሃነመስቀል ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። እሱ ሳለ መሀል ይቀመጡ ነበር፤ ከሱ በኋላ ወደ በሩ ተጠጋች። ሰዎች ሲገቡም ሲወጡም "ደህና ነሽ?" ይሏታል፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ስትል አልፈዋታል።

"እትዬ ተናኘ፣ እርስዎስ?" አለ ኤልቃና።

"የተረፈውን ስጠኝ" አለች።

ሃኒ እና ቶሎሳ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ተጨመሩላት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስቶን ማውንቴን የሚባለው ሰፈር ባለው በእሷ አፓርትመንት ተገናኝተው ሊዘጋጁ ተቀጣጠሩ። ተናኘወርቅ ሺፍቷን ከሌላ ሰው ጋር ቀየረች። የለቅሶ ደራሽ ካለቀ ወዲህ እቤቷ ሰው ገብቶ አያውቅም። ሰኞ ምንጣፉን ጠረገች፣ ወንበር ላይ የተከመረውን ልብስ አነሣች፣ ምስር ወጥ ሠራች፣ ከሱቅ ኬክ ገዛች።

ማክሰኞ በረዶ ጣለ። አትላንታ በረዶ አታውቅም። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ መስተዋት ሆነ፤ መኪናው ሁሉ ሃይዌይ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሃኒ ሁለት ሰማንያ አምስት ከሚባለው ሃይዌይ ላይ ደወለች። "እትዬ፣ ስታክ አድርጌአለሁ፣ ሶሪ፣ ዛሬ የምደርስ አይመስለኝም።" ቶሎሳ ቴክስት ላከ። ተናኘወርቅ በመስኮት ስታይ ፓርኪንጉ ነጭ ሆኗል፣ የእግር ዱካ እንኳ የለበትም። ኬኩን ሳትቆርሰው ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው።

በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ከቤት አልወጣችም። የምታየው ቴሌቪዥን ላይ መንገድ ዳር የተተዉ መኪናዎችን ብቻ ሆነ። ስለዚህ አጠፋችና ኤልቃና ፎቶኮፒ አድርጎ የሰጣቸውን ወረቀቶች ማንበብ ጀመረች።

ሰዱቃውያንን ገና ከልጅነቷ በስብከት ነው የምታውቃቸው። ኢየሱስን ሊያጠምዱ መጥተው ያፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ሌላ ነገር የላቸውም። አሁን ግን የካህናትና የባለጸጎች ወገን እንደነበሩ፣ መቅደሱን ይዘው እንደኖሩ፣ ሙሴ ካልጻፈው ውጪ አባቶች በቃል ያወረሱትን አንቀበልም ይሉ እንደነበር አነበበች። ሮማውያን መቅደሱን ሲያፈርሱት እነሱም አብረው ጠፉ። ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርት ተክተው አለፉ፤ እነዚህን ግን የተካቸው የለም። ከሁሉ ይልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች። ሰዱቃውያን ራሳቸው የጻፉት ነው የሚባል አንድም ነገር በእጃችን የለም ይላል ወረቀቱ፤ ስለ እነሱ የምናውቀው ሌሎች፣ ይበልጡንም የተቃወሟቸው ሰዎች የተናገሩትን ነው።

"ምስኪኖች" አለች ጮክ ብላ። ከገዛ ድምፅዋ ደነገጠች። ማክሰኞ ከሃኒ ጋር በስልክ ካወራች ወዲህ ከአፏ ቃል አልወጣም ነበር።

ከዚያ ወንጌሉን ገለጠችና ጥያቄያቸውን አነበበች። አንድ ሰው አገባ፣ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። እንደ ሙሴ ሕግ ወንድሙ ሚስቱን አገባት፣ እሱም ሳይወልድ ሞተ። እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው። በመጨረሻ ሴትየዋም ሞተች። በትንሣኤ ቀን የማንኛቸው ሚስት ትሆናለች?

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። በዚያ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ጸጥታ ስታነበው ግን ሴትየዋን አየቻት።

እሁድ መንገዱ ደርቋል፣ ክፍሉም ሞልቷል። ሁሉም በረዶው የት እንደያዘው ያወራል። ሃኒ አሞኝ ቀረሁ ብላለች፤ ቶሎሳ መጥቷል ግን "እኔ አላነበብኩም፣ እትዬ ይናገሩ" ብሎ ጥግ ያዘ። ፍሬው ለፈሪሳውያን ተነሥቶ አሳምሮ ተናገረ፤ ስለ ነቢያት፣ ስለ መላእክት፣ ሕጉ በየቤቱና በየማዕዱ እንዲኖር ስለ ደከሙ መምህራን። ተጨበጨበለት።

ተናኘወርቅ ወረቀት ሳትይዝ ተነሣች።

"እኛ" አለች፤ "እኛ" ስትል አንዳንዱ ፈገግ አለ። "እኛ ሙሴ የነገረንን እንይዛለን። አባታችን አብርሃም ሣራ በሞተችበት ጊዜ አለቀሰላት፣ ከባዕድ ሰዎች ዋሻ ገዝቶ ቀበራት። ተነሥተሽ እንገናኛለን ሲላት አልተጻፈም። ቀበራትና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰው እንዲህ ነው። እናንተ ፈሪሳውያን የማታውቁትን አገር እንደ ሰፈራችሁ ታወሩታላችሁ።"

"ኦ፣ ሰዱቃዊት!" አለ ፍሬው፣ ክፍሉ ሳቀ።

"አንድ ጥያቄ አለን" ብላ ቀጠለች፤ የሰባቱን ወንድማማቾች ታሪክ ነገረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሳቅ ተጀመረ። አምስተኛው ላይ አንድ ሰው "አራተኛው ምን ነክቶት አገባት!" አለ። ሰባተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር፣ ኤልቃናም ጭምር። እሷ ሳትስቅ ጠበቀቻቸው።

"ምን ያስቃችኋል?" አለች። "ይህች ሴት ሰባት ጊዜ ቀብራለች። ሰባት ጊዜ ጥቁር ለብሳለች። የማን ሚስት ናት ተባለ እንጂ፣ አንቺስ ማንን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቃት አለ?"

ሳቁ ቆመ። ፍሬው ተነሥቶ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ጌታ የሰጣቸውን መልስ ተናገረ። በትንሣኤ አያገቡም፣ አይጋቡም፣ እንደ መላእክት ይሆናሉ።

"አውቀዋለሁ፣ ፍሬው" አለች። "እኔ ሁለት ባል ቀብሬአለሁ። ሳህሌን ነቀምት፣ ብርሃነመስቀልን እዚህ። ከሁለቱም አልወለድኩም። እንግዲህ እዚያ ስደርስ ማንም የማንም አይደለም ማለት ነው? እንደ መንገደኛ ነው የምንተላለፈው? ያውቁኛል?"

ሰዱቃውያንን ወክላ እየተከራከረች እንዳልሆነ ሁሉም ገባው። ኤልቃና እጁን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "እ… ጊዜያችን አልቋል" አለ። "በጸሎት እንዝጋ።"

በኮሪደሩ አንዲት እናት እጇን ያዝ አድርጋ "እጸልይልሻለሁ" አለቻት። ሌላው በአጠገቧ አልፎ ወደ አዳራሹ ገባ።

ቅዳሜ ሁለት ሰዎች እቤቷ መጡ፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ አምባዬና የመጋቢው ባለቤት ዘሪቱ። ተናኘወርቅ ሲደውሉላት ልቧ ደስ ብሎት ነበር። ሻይ አፈላች። ዘሪቱ ሻይዋን እያማሰለች ቤቱን ዙሪያውን አየች።

"ብርሃነመስቀል ካረፈ በኋላ ቤቱን አልቀየርሽውም" አለች።

"ምኑን እቀይረዋለሁ፣ እትዬ ዘሪቱ።"

ጋሽ አምባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "እህታችን፣ የመጣነው በፍቅር ነው። እሁድ በክፍል የተናገርሽውን ሰማን። አንዳንድ አዳዲስ አማኞች ግራ ተጋብተዋል። ልጠይቅሽና፣ በትንሣኤ ታምኛለሽ?"

"አምናለሁ።"

"ታዲያ ጥያቄው ከየት መጣ?"

ተናኘወርቅ ኩባያዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ባላምን ኖሮ ምን ያስጨንቀኝ ነበር? ሰዱቃውያን እኮ ይህን ሲጠይቁ ሊስቁበት ነው። ለእነሱ ሴትየዋ ሞታለች፣ አለቀ። የሚጨነቀው የሚያምን ሰው ነው። እኔ እንደምነሣ ስለማምን ነው ስነሣ ማን አለኝ ያልኩት።"

"ጌታ አለሽ" አለች ዘሪቱ።

"አለኝ።"

"አይበቃሽም?"

ተናኘወርቅ የሻይ ማፍያውን አነሣች። አይበቃኝም ማለት አይቻልም፤ ይበቃኛል ብትል ደግሞ ውሸት መሰላት። ሻይ ጨመረችላቸው፤ አለመመለሷን ሁለቱም እንደ መልስ ወሰዱት።

ጋሽ አምባዬ ከጸለየ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቷን ሳያይ፣ "ዓርብ ዓርብ በስልክ የምትመሪውን ጸሎት ለጊዜው ሳሮን ትያዘው" አላት። "እረፍት አድርጊ። ቅጣት አይደለም።"

ዓርብ ጸሎቱ በሚጀመርበት ሰዓት ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ደውሎ መስማት ያልከለከሏት ነገር ነው። ግን ስትገባ ሁሉም የሚደውልበት የጋራ መስመር "ማን ገባ?" ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ስሟን ስትናገር ደግሞ ሁሉም እንደሚሰማ ታውቃለች። ሳትደውል ሰዓቱ አለፈ። ዓርብ ዓርብ በስም እየጠራች የምትጸልይላቸው ሰዎች፣ የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ያለባቸው፣ ልጅ የታመመባቸው፣ ስሙን ሳይናገር ዝም ብሎ የሚያለቅስ አንድ ሰው፣ ከዚህ ቤት ጋር የነበራቸው ክር ተበጠሰ። በማግስቱ፣ እሁድ እሁድ ለመሥራት ጠየቀች፤ ሱፐርቫይዘሯ እሁድ የሚሠራ ሰው አጥታ ስለነበር በደስታ ተቀበለቻት።

ሁለት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። ከዚያ ኤልቃና መጣ።

ሳይደውል ነው የመጣው፣ ከሥራ፣ የዌርሃውሱን አንጸባራቂ ሰደርያ እንደለበሰ። "የአፓርትመንቱ ኮምፕሌክስ ጠፍቶብኝ ሦስት ጊዜ ዞርኩ" አለ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ስቄአለሁ። ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር ሰው እንዲስቅ አድርጌ ነው የምነግረው። ሴትየዋ ሰው እንደሆነች አስቤ አላውቅም።"

"ምሳሌ ናት፣ ልጄ። ሰው አይደለችም።"

"እርስዎ ግን ነዎት።"

ምሳ አልበላም ነበር፤ ያላትን አቀረበችለት። ሲበላ ካየችው በኋላ፣ ሳይጠይቃት፣ ስለ ብርሃነመስቀል ነገረችው።

ታክሲ ነጂ ነበር፣ ነገረኛ፣ ሬዲዮ የሚሰድብ። ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ከሰው ቤት ሲመለሱ ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። መሪውን እንደያዘ፣ "ተናኘ፣ እዚያ ስንሄድ እሱ ይጠብቅሻል አይደል?" አላት። ስለ ሳህሌ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ሁለቴ ወይ ሦስቴ ቢያነሡ ነው። "ማን?" አለችው፣ እያወቀች። "የመጀመሪያው። እሱ በወጣትነትሽ ነው የሚያውቅሽ። እኔ እንግዲህ ጥግ ላይ እቆማለሁ" አለና ሳቀ። እሷም "ዝም ብለህ ንዳ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል" አለችው።

"ቀልድ መስሎኝ ነበር" አለች ለኤልቃና። "ቀልድ አልነበረም። ከሞተ በኋላ ነው የገባኝ። ያን ጥያቄ ይዞ እንደሄደ ነው የማስበው። ሳህሌን ወድጄዋለሁ፤ ልጆች ነበርን፣ አራት ዓመት ኖርን፣ አሁን ድምፁን አላስታውሰውም። ብርሃነመስቀልን ግን ከነነገሩ፣ ከነሳሉ አውቀዋለሁ። ያን ቀን 'አንተ ጎኔ ነህ' ብለው ምን ነበረበት? ግን ሳህሌንስ? እሱም እኮ የሚጠብቀው ሌላ የለውም፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው የሞተ። እና ወንጌሉን ስከፍት ሁለቱም አይሆኑም ይለኛል።"

ኤልቃና ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ሰው መልስ ሊሰጥ ሲዘጋጅ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ጠበቀች። አልመጣም።

"አላውቅም" አለ። "መምህሬን ጠየቅሁት፣ ጥሩ ጥሩ ነገር ጻፈልኝ፣ አመጣዋለሁ ብዬ ነበር። እዚህ ስቀመጥ ግን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አለ። ጌታ ለሰዱቃውያን ሲመልስ፣ እነሱ ከሚቀበሉት ከሙሴ ነው የጠቀሰላቸው። የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ። ሙታን ብሎ በጅምላ አልጠራቸውም። በየስማቸው ነው። እኔ ስማቸው ካልጠፋ… ይተዋወቃሉ ብዬ አስባለሁ።"

"የሣራን ስም አልጠራም" አለች ተናኘወርቅ።

ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ ከዚያ የክርክር እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"እውነትዎን ነው። አልጠራም።"

ሲወጣ "እሁድ ይምጡ" አላት። ሽማግሌዎቹ ክርክሩን ከልክለውታል፤ ራሱ ብቻ እንዲናገር፣ ያቀደውንም በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲጨርስ ነግረውታል። የቀሩት ኤሴናውያን ናቸው፤ ቀናተኞቹን ወጣቶቹ ራሳቸው ትተዋቸዋል። "የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ለግድግዳ ነው የማወራው።"

እሁድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሄደች። ሰላም አሏት፣ ሰላም አለች። በሩ አጠገብ ያለው ወንበሯ ባዶ ነበር፣ ጎንና ጎኑም። ፍሬው ከሩቅ አንገቱን ሰበር አደረገላት እንጂ "ሰዱቃዊት" አላላትም፤ ቢላት ደስ ይላት ነበር። ሳሮን መጥታ "ዓርብ ናፍቀሽናል" አለቻት፣ ነገር ግን ተመለሺ አላለችም።

ኤልቃና ስለ ኤሴናውያን ተናገረ። ከመቅደሱ ሰዎች ተጣልተው የወጡ፣ ንብረታቸውን አንድ ላይ ያደረጉ፣ ብዙዎቹ ሳያገቡ የሚኖሩ፣ በማዕድ ላይ ጸጥ ብለው አብረው የሚበሉ ሰዎች እንደነበሩ፤ ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ያመኑትንም የጥንት ጸሐፊዎች የተለያየ ነገር እንደሚሉ። "ጥያቄ ያለው?" አለ። ሁሉም ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ። በዚህ ትምህርት ላይ ጥያቄ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ ሁሉም አይቷል።

ተናኘወርቅ እጇን አወጣች። ጥቂት ራሶች ዞሩ።

"ሲሞቱ እንዴት ነበር የሚቀበሩት?"

ኤልቃና ትንሽ አሰበ። "ሙት ባሕር አጠገብ፣ ኩምራን የሚባል ቦታ፣ ብዙ ተመራማሪዎች የእነሱ ነው የሚሉት የመቃብር ስፍራ አለ። ሌላው የአይሁድ ሰው ያኔ የቤተሰብ ዋሻ ነበረው፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ አንድ ላይ። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው በየብቻቸው ነው የተቀበሩት፣ አብዛኞቹ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ሰው።"

"ተራርቀው?"

"አይ። ተጠጋግተው፣ በተርታ። ከሺህ በላይ መቃብር ነው።"

"ስማቸው ተጽፎበታል?"

"የለም። ድንጋይ ብቻ ነው ከላይ የተደረደረው። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"እሺ" አለች። "አመሰግናለሁ።"

ኤልቃና የሚከተል ጥያቄ ይኖራል ብሎ ጠበቃት፤ አልነበራትም። በጸሎት ዘጋ። ሰዉ ወደ ዋናው አዳራሽ መጉረፍ ሲጀምር ወንበሯን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አብራቸው ገባች። መዝሙሩ ተጀምሮ ነበር፤ እሷም በሰዉ ተርታ መካከል ባዶ ቦታ ፈልጋ ቆመች።